ከሐረር እስከ ገላን፦ የፈረንሳይኛ "ምዕራፍ አንድ" ታሪክ

የፈረንሳይኛ መማሪያ መጽሐፍ ገልጦ የሚያውቅ ሰው ምዕራፎቹን ሳያይ ሊቆጥራቸው ይችላል። ሰላምታና ትውውቅ፣ ቤተሰብ፣ መኖሪያ ቤት፣ ምግብ፣ ቀንና ሰዓት፣ ከተማና መጓጓዣ፣ ገበያ። ቅደም ተከተሉ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ዝርዝሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልተነቃነቀም። በምግቡ ምዕራፍ ላይ ባጌት በብብቷ የያዘች ልጅ አለች። በመጓጓዣው ሜትሮ፣ በአየር ሁኔታው ነጭ በረዶ የለበሰ ጣሪያ አለ። መጽሐፉ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲከፈትም ልጅቷ ባጌቷን እንደያዘች ናት።

ለጀማሪ ልጆች የዓመት እቅድ የሚያወጣ አስጠኚ አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ማውጫ ይገለብጥና በሳምንታት ይሸነሽነዋል። እቅዱ በአንድ ማታ ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ክፍል ውስጥ ነው። ልጆቹ "ቡላንዠሪ"፣ ዳቦ ቤት፣ የሚለውን ቃል ይሸመድዱታል፤ ከዚያ በቃሉ የሚያወሩት ያጣሉ።

ይህ ማውጫ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፈረንሳይኛ እኛ አገር ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የጀማሪው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተማሪው ቋንቋውን ለምን እንደፈለገው እያየ ሲለዋወጥ ኖሯል። የፓሪስን ማውጫ እንዳለ መውሰድ በኋላ የመጣ ልማድ ነው፤ በእኔ አስተያየት መጥፎ ልማድ። ታሪኩን ላውጋ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻችን ሐረር ትሁን። ራስ መኮንን ልጃቸው ተፈሪ ፈረንሳይኛ እንዲማሩ ፈለጉ። ለዚህ ሥራ የተመረጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዦዜፍ ቪታልየን የሚባል፣ ከካሪቢያኗ የጓዴሎፕ ደሴት የመጣ ጥቁር ሐኪም ነው። ሁለተኛው በካቶሊክ ሚሲዮን ያደጉት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው፤ እሳቸውን ለመኮንን ቤት የሰጡት ሐረሮች አባ እንድርያስ የሚሏቸው ፈረንሳዊው ካፑቺን አንድሬ ዣሮሶ ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1915 በሐሮማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥማ ሞቱ፤ ያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት ተፈሪ ከዚያው አደጋ ለጥቂት ተረፉ። እንግዲህ የኋላው ንጉሠ ነገሥት ፈረንሳይኛ ከአንድ የጓዴሎፕ ሰውና ከአንድ ሐበሻ ካህን አፍ የተወሰደ ነው። ፈረንሳይኛ ወደዚህ አገር የመጣው በብዛት ፓሪስ ባልተወለዱ ሰዎች በኩል መሆኑን ወደፊትም ደጋግመን እናያለን።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈትም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ካህናቱ የፈረንጅ አስተማሪ ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለሰጉ መፍትሔው ከግብፅ መጣ፦ በእምነት የሚቀርቡን ቅብጦች፣ በሐና ሳሊብ ቤይ መሪነት። ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛና ጣሊያንኛም ይሰጡ ነበር። የመሳፍንቱ ልጆች ፈረንሳይኛን የተማሩት በካይሮ አነጋገር ነው ማለት ይቻላል። የሚጠብቃቸው ሥራ ደግሞ የታወቀ ነበር፤ ሌጋሲዮን ሄዶ መልእክት ማድረስ፣ ውል ማንበብ፣ የውጭ ደብዳቤ መተርጎም። ለእንዲህ ያለ ተማሪ የመጀመሪያው ርእሰ ነገር ማዕረግና አቀራረብ ነው፤ ማን ለማን እንዴት እንደሚጽፍ። የዳቦ ቤቱ ምዕራፍ ምን ይሠራለታል?

በዚያው ዘመን ሌላ ፈረንሳይኛ፣ ክራቫት ያላሰረ ፈረንሳይኛ፣ በሀዲዱ በኩል ይመጣ ነበር። የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ በገንዘብ እጥረትና በፖለቲካ ንትርክ ለዓመታት ቆሞ፣ በ1915 አቃቂ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና ከድሬዳዋ እስከ አቃቂ በየጣቢያው የሚሠራው ሰው ቋንቋውን እንደ ዕለት እንጀራው ለቀመው። ለፍሬን ያዥ፣ ለትኬት ቆራጭና ለጥገና ሠራተኛ "ስሜ እገሌ ይባላል" ብሎ መጀመር ቅንጦት ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው "አቁም"፣ "ጫን"፣ "ቆይ" የሚሉት ግሶች፣ ቁጥር፣ ክብደትና ሰዓት ናቸው። ማንም ቁጭ ብሎ እቅድ ያላወጣለት፣ ነገር ግን ሥራው ራሱ በቅደም ተከተል ያዘጋጀው ትምህርት ነበር። በዚያ ትምህርት የሠለጠኑ የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ፈረንሳይኛቸውን እስከ እርጅናቸው አልረሱትም፤ በትምህርት ቤት አራት ዓመት ተምረን የረሳን ሰዎች ብናስብበት አይከፋም።

ስለ እቅድ ካነሳን ግን አንድ መጽሐፍ ሊታለፍ አይገባም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በ"ልብ ወለድ ታሪክ" ነው። ያ መጽሐፍ በታተመበት በ1908፣ በዚያችው ሮም፣ "የመንገደኛው መሪ በአቢሲኒያ" ሊባል የሚችል የፈረንሳይኛና የአማርኛ መጽሐፍም አሳትመዋል። የታሰበው ፈረንሳይኛ ለሚያውቅና አማርኛ መማር ለሚፈልግ መንገደኛ ነው፤ አቅጣጫው ከእኛ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው። አሠራሩ ግን ዛሬም ያስቀናል። የቃል ዝርዝር ደርድሮ ከመተው ይልቅ መንገደኛውንና የአገሩን ሰው እያነጋገረ ይጓዛል፤ ንግግሩ ጉዞውን ይከተላል፣ ቃሉም ንግግሩን። ከዚህ በላይ ደግሞ አፈወርቅ በንግግሩ መካከል የልባቸውን ያወጣሉ፦ ወታደር በገበሬ ላይ የሚያደርሰውን በደል፣ የአስተዳደሩን ብልሹነት። ቋንቋ ሊማር የገባ እንግዳ የአገሩን ችግር ተምሮ ይወጣል። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን መጽሐፉን የሚጠቅሱት ለዚሁ የፖለቲካ ትችቱ ነው። የቋንቋ መምህራን ግን ቢያነሡት የሚማሩበት ሌላ ነገር አለ፤ አንድ ጭብጥ ሕይወት የሚኖረው ተናጋሪዎቹ በእርግጥ የሚከራከሩበት ጉዳይ ሲኖራቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ቶሎ ላልፈው። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1925 ተከፈተ፤ እዚያም ፈረንሳይኛ የበላይ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስለሆነች ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ተፈላጊነቱ ጨምሮ ነበር። ጣሊያን መጣ፤ ብዙው የተማረ ወጣት በየካቲት 1937ቱ እልቂትና ከዚያ በኋላ አለቀ። በ1941 ነጻነት ሲመለስ አብሮ የገባው እንግሊዝ ነበርና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1945 ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ በሉሲየን ማት አለቅነት የመጡት ኢየሱሳውያን ከካናዳ፣ ያውም ከኬቤክ ነበሩ። የእናታቸው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ሳለ ያስተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ታሪክ አንዳንዴ ትቀልዳለች።

ከ1947 ጀምሮ የፈረንሳይኛው ትምህርት ዋና መጠጊያ ሊሴ ገብረ ማርያም ሆነ፤ በ1937 በጎጌቲ በጣሊያን ላይ ሲዋጉ በወደቁት በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የተሰየመው፣ በፈረንሳይ ላይክ ሚሲዮን የሚመራው ትምህርት ቤት። ሊሴ ያፈራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ውለታውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የፈረንሳይኛ ማውጫ የሚጻፈው ፈረንሳይ ሆነ። ይህ ለሊሴ ልጅ አያስቸግርም፤ ባካሎሬያ የሚቀመጠው፣ ቀን ሙሉ በቋንቋው የሚኖረው በዚያ ሥርዓት ውስጥ ነውና። ችግሩ ያው ማውጫ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሚማር ልጅ ሲሰጥ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ማለት በ40 ሳምንት 80 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስድስት ምዕራፍ በደንብ ማስተማር ይቻላል፤ አሥራ ሁለቱን ግን ማነካካት ብቻ ነው።

ማውጫው ራሱ ከየት መጣ? ከመጠን በላይ የምወደው ታሪክ ይህ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ መንግሥት ቋንቋውን ለውጭ ሰው ማስተማሪያ የሚሆን መሠረታዊ የቃላት ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዘዘ። ሥራውን የመራው ዦርዥ ጉገኔም የተባለ የቋንቋ ሊቅ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን የድምፅ መቅጃ ይዘው ሰዎች ሲነጋገሩ ቀዱ። ከ300 ሺህ በላይ ቃል ተሰብስቦ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ውጤቱ ግን አስገራሚ ጉድለት ነበረው። "ነው"፣ "አለ"፣ "ሄደ"፣ "ነገር" የሚሉት ቃላት ከላይ ተደረደሩ፤ ሹካ፣ ጥርስ፣ አውቶቡስ የመሳሰሉት፣ ማንም ፈረንሳዊ በየቀኑ የሚጠቀምባቸው የዕቃ ስሞች፣ ዝርዝሩ ውስጥ ከነጭራሹ ጠፉ ወይም ከሥር ተገኙ። ሰው ሹካውን እያነሣ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። ቃሉ በአእምሮው አለ፤ ካላስፈለገው ግን አይጠራውም። እነዚህን ጉገኔም "ዝግጁ ቃላት" አላቸው።

ዝግጁ ቃላትን ለማግኘት መላ ፈጠሩ። 16 ርእሶች መረጡ፦ የሰውነት ክፍሎች፣ ልብስ፣ ቤት፣ የቤት ዕቃ፣ ምግብ፣ ወጥ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ከተማ፣ መንደር፣ መጓጓዣ፣ እንስሳት፣ ሙያ፣ ሌሎችም። ከዚያ በፈረንሳይ የተለያዩ አውራጃዎች ያሉ ተማሪዎችን በየርእሱ ወደ አእምሮአችሁ የሚመጡ 20 ቃላት ጻፉ አሏቸው። ብዙ ልጅ የጻፈው ቃል ገባ፣ ጥቂቶች የጻፉት ወጣ። ከድምፅ ቀረጻውና ከልጆቹ ዝርዝር ተዋህዶ በ1954 የወጣው 1,500 ገደማ ቃል ያለው መዝገብ "መሠረታዊ ፈረንሳይኛ" የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ የመማሪያ መጻሕፍት፣ ሥዕልና ድምፅ ያቀናጁት የ1960ዎቹም ሆኑ የመግባቢያ ዘዴን ያወጁት የ1980ዎቹ፣ ከዚያ መዝገብ ርእሶች ብዙ አልራቁም።

እንግዲህ ዛሬ ገላን ውስጥ የሚገለጠው ማውጫ ሥረ መሠረቱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ የፈረንሳይ ተማሪዎች ጭንቅላት ነው። በዚያ ውስጥ ምንም ስሕተት የለም። ዘዴው እንዲያውም ድንቅ ነው። ያልተደረገው ነገር ዘዴውን ወደዚህ ማምጣት ነው፤ ያመጣነው ውጤቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ እቅድ የሚያወጣ አስጠኚ ከምንም በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ ጉገኔም ያደረገውን ቢያደርግ ምን ይላል? ብጣሽ ወረቀት ማደል፣ "ቤት" ብሎ መጻፍ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሃያ ቃል እንዲጽፉ መንገር። ከገላን ብሎኮች ምን እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። ሮቶ፣ ጀሪካን፣ ቆጣሪ፣ ደረጃ፣ ኮሪደር፣ ምጣድ፣ ቁልፍ፣ ኮሚቴ፣ ብሎክ። የእሳት ምድጃና ምድር ቤት ከፈረንሳይ ይመጣሉ፤ እዚህ ማንም አይጽፋቸውም። ከዚያ አስጠኚው ማታ ቁጭ ብሎ ለእነዚህ ቃላት ፈረንሳይኛቸውን ይፈልጋል። በ2003 በሻማ ቡክስ የታተመው የብርሃኑ አበበና የኤሎዋ ፊኬ መዝገበ ቃላት በእጁ ካለ ሥራው ይቀልለታል።

የቤቱን ምዕራፍ እንደ ምሳሌ ልውሰደው፤ ምክንያቱም ኮንዶሚኒየም ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የፈረንሳይኛ ጀማሪን የሚያደናግረው አንዱ ነገር የፎቅ ቆጠራ ነው። ምድር ላይ ያለው ወለል "ሬ ደ ሾሴ" ይባላል፤ "አንደኛ ፎቅ" ከእሱ በላይ ይጀምራል። አሜሪካዊ ተማሪ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። የኮንዶሚኒየም ልጅ ግን ሱቁ ያለበትን ግራውንድ ብሎ፣ ከዚያ በላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ነው ያደገው። ደረጃው ላይ ይዘሃቸው ብትወጣ፣ በየወለሉ ቆም እያላችሁ "ዣቢት ኦ ደዚዬም ኤታዥ"፣ የምኖረው ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ማለት በግማሽ ሰዓት የሚገባ ትምህርት ነው። የብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ከሥር ያለው ሱቅ፣ ከኋላ ያለው የጋራ ህንፃ። ቁጥርና የቦታ ማመልከቻ ቃላት ያለ ተጨማሪ ምዕራፍ አብረው ይገባሉ።

ሰዋስውስ? መጻሕፍቱ "ኢልያ" እና "ኢልኒያ ፓ" የሚሉትን፣ "አለ" እና "የለም"፣ በሥዕል ያስተምራሉ፤ ሳሎን ውስጥ ሶፋ አለ፣ ድመት የለም። ገላን ላይ ይህን በየሳምንቱ ሕይወት የሚያስተምረው ነው። "ኢልያ ደ ሎ"፣ ውኃ አለ። "ኢልኒያ ፓ ዶ"፣ ውኃ የለም። መብራትም እንዲሁ። በአሉታው ጊዜ "ኧን"፣ "ዩን"፣ "ደ ላ" የመሳሰሉት መስተአምሮች ወደ "ደ" የሚሰበሰቡበትን ሕግ ልጁ ውኃ በሚጠፋበት ማክሰኞ ቢማረው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። (አዲስ አበባን ውኃ ከሚያጠጡት መካከል የሆኑት የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች እዚሁ አካባቢ መሆናቸውን ለምሬቱ ማጣፈጫ መጨመር ይቻላል።) ምዕራፉ የሚዘጋበት ሥራ ከመጀመሪያው ቢወሰን ጥሩ ነው፦ እያንዳንዱ ልጅ ስለሚኖርበት ብሎክ ለማያውቀው የጅቡቲ ልጅ አሥር ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ያ ከተወሰነ ምን ዓይነት ቃልና ሰዋስው እንደሚያስፈልግ ራሱ ይናገራል፤ የማያስፈልገው ይወጣል።

ቦታ የሚቀየርለት ምዕራፍም አለ። ሰዓትና ቀን በመጻሕፍቱ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ይመጣሉ፤ ቀላል ስለሚመስሉ። ለእኛ ልጆች ግን ከሁሉ ይከብዳሉ። ፈረንሳዩ "ዩይት ኧር"፣ ስምንት ሰዓት፣ ሲል እኛ ጋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ባቡር ጣቢያ ላይ "ካቶርዝ ኧር"፣ አሥራ አራት ሰዓት፣ ሲል ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት። ልጁ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ቃሉን ያስታውሳል፣ ስድስት ይቀንሳል ወይም ይደምራል። የልደት ቀን ሲመጣ ዓመቱም ወሩም ይለወጣሉ። ጳጉሜን 3 የተወለደችን ልጅ የፈረንሳይ ቅጽ አያውቃትም፤ መስከረም ሳይጠባላት "ሴፕታምብር" ትሆናለች። የሳምንቱን ቀናት ቀድሞ፣ ሰዓቱን ከአጋማሽ ዓመት በኋላ፣ ቁጥሩ በአፍ ከለመደ ወዲያ ማስተማር ይሻላል።

በሌላ በኩል እኛን የሚያግዝ ብዙ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያሠቃየው የ"ቱ" እና የ"ቩ" ልዩነት አንተንና እርስዎን ለሚያውቅ ልጅ በአንድ ደቂቃ ይገባል። ወጥመዱ የሚመጣው በቤተሰቡ ምዕራፍ ነው። "አያቴ መጡ" የሚል ልጅ ግሱን ለብዙ ቁጥር አድርጎ "ኢል" ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት ሊጨምር ይችላል፤ ፈረንሳይኛ በሌለ ሰው ላይ አክብሮት አያሳይምና። አስተማሪው ይህን አስቀድሞ ካወቀ ለሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሆን ጥሩ ጨዋታ አለው።

የመጓጓዣው ምዕራፍ ደግሞ ወደ ጅቡቲ መንገድ ይወስደናል። ገላን ከቱሉ ዲምቱ ብዙም አይርቅም፤ በ2014 የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚያ ነው። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ቃሊቲና አቃቂ የከባድ መኪና ሹፌርና የጉምሩክ አስተላላፊ ሰፈር ናቸው። ከሁሉ የቀረበን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገር ጅቡቲ ነው፤ ከዓረብኛ ጋር የመንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። እውነት ነው፣ ሹፌሩ ወደቡ ላይ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ ይግባባል። ነገር ግን የመንገድ ምልክቱ፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ የፖሊሱ ወረቀት ፈረንሳይኛ ነው፤ የፍራንኩ ዋጋም በመቶና በሺህ ይጠራል። አባቱ የጋላፊን ድንበር በየሳምንቱ የሚሻገር ልጅ ባለበት ክፍል ለመጓጓዣው ምዕራፍ ሜትሮ ፍለጋ መኳተን አያስፈልግም። ጭነት፣ ሚዛን፣ ኬላ፣ ጎማ፣ ሙቀት። አባትየው ከጅቡቲ ያመጣው የብስኩት ወይም የወተት ዱቄት መጠቅለያ በራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ሌላው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መሐል ከተማ ነው ያለው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 እዚህ ከተመሠረተ ጀምሮ አዲስ አበባ የኪንሻሳን፣ የዳካርን፣ የአቢጃንን ፈረንሳይኛ በየስብሰባው ትሰማለች። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። 70ን ፓሪስ "ስልሳ አሥር"፣ 90ን "አራት ሃያ አሥር" ብላ ታስቆጥራለች። የኮንጎና የሩዋንዳ ሰው ግን ከቤልጅየም በወረሰው "ሴፕታንት" እና "ኖናንት" ይገላገላል። አስጠኚው ሁለቱንም ቢነግራቸው ልጆቹ ፈረንሳይኛ አንድ አገር ብቻ የሚኖር ቋንቋ አለመሆኑን በቁጥር ይማራሉ። ቪታልየን ከጓዴሎፕ፣ ቅብጦቹ ከካይሮ ይዘውት የመጡት እንዲህ ያለውን ፈረንሳይኛ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፈተና አለ። ወላጅ ወረቀት ይፈልጋል፤ የጀማሪው ወረቀት ዴልፍ ኤ አንድ ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ ይይዛሉ፤ ከመቶው 50 ማግኘት፣ በየትኛውም ክፍል ከ5 በታች አለመውረድ ግዴታ ነው። የመናገሩ ፈተና ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይፈጃል። ራስን ማስተዋወቅና ጥያቄ መጠየቅ የገላን ምዕራፎች በሚገባ የሚያዘጋጁበት ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ልጁ ከፈታኙ ጋር ሻጭና ገዢ ሆኖ ይጫወታል፤ ዕቃውን ይጠይቃል፣ ዋጋ ይሰማል፣ በወረቀት በተሠራ ዩሮ ይከፍላል። የማዳመጡ ድምፅም የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ያመጣል። ስለዚህ ከስድስቱ ምዕራፍ የመጨረሻው ለፈረንሳይ ይተው፤ ዳቦ ቤቱ፣ ሜትሮው፣ ሳንቲሙ እዚያ ይግቡ። አምስት ምዕራፍ ሙሉ ስለራሱ ሰፈር ሲናገር የቆየ ልጅ "ሴ ኮምቢየን?" ብሎ የባጌቱን ዋጋ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።